ረጅም ፑሽ ሲመጣ፦ ቀርፋፋው ባለ ስፒን ሉፕ ወይስ ፈጣኑ?

ሶስተኛ ኳስ (ጠያቂ)

ሰላም የጠረጴዛ ቴኒስ ቤተሰብ። ቀኝ እጅ፣ ሼክሃንድ (ራኬቱን እንደ ሰላምታ የምይዝ) ነኝ። በፎርሃንድ (በመዳፍ) በኩል ሀሪኬን 3 የሚባለው የቻይና ራበር (የራኬቱ ልባስ)፣ በባክሃንድ (በእጅ ጀርባ) በኩል ለስለስ ያለ የአውሮፓ ራበር። የሚያስቸግረኝ አንድ ቦታ ነው። አጭር ባክስፒን (ወደ ኋላ የምትሽከረከር) ሰርቭ አደርጋለሁ፣ ተጋጣሚ በረጅም ፑሽ (ከሥር ገብቶ በባክስፒን በሚገፋ ምት) ወደ ፎርሃንዴ ይመልሳል፣ ሶስተኛዋን ኳስ በፈጣን ሉፕ (ከታች ወደ ላይ ጠርጎ ወደ ፊት በሚያሽከረክር ምት) ስመታት ከ10 ውስጥ 4 ወይም 5 መረብ ትገባለች። ቀስ ብዬ ስፒን (መሽከርከር) ልስጣት ስል ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ታርፋለች፣ ግን ከፍ ብላ መሃል ላይ ስለምትወድቅ በስማሽ ትመለስብኛለች።

የትኛውን ልለማመድ? በጨዋታ መሃልስ ኳሷ እየመጣች ምርጫው እንዴት ነው የሚደረገው? አሰልጣኝ የለኝም፣ ቪዲዮ ላይ ደግሞ ሁለቱም ምት አንድ ዓይነት ነው የሚመስለኝ።

---

ካዛንቺስ 40 ፕላስ

መጀመሪያ የሚያሳስተው ስሙ ነው። ቀርፋፋዋ ኳሷ ናት እንጂ እጅህ አይደለም። «ቀርፋፋ» ሲባል እጁን የሚያዘገይ ሰው ፍጥነትም ስፒንም የሌላት ኳስ ነው የሚያወጣው፤ አንተ መሃል ጠረጴዛ ላይ የምትጥላት እሷን ትመስላለች። በሁለቱም ሉፕ የራኬቱ ፍጥነት ተቀራራቢ ነው። የሚለየው ጉልበቱ የሚሄድበት ነው፦ ቆዳዋን ብቻ ከጠረግካት ወደ መሽከርከር፣ ወፈር አድርገህ ከያዝካት ወደ ፊት። ቻይኖች ለሁለቱ የተለያየ ስም አላቸው፤ አንዱን «ስፒን የተጨመረበት»፣ ሌላውን «ወደ ፊት የሚሮጥ» ይሏቸዋል። ቀርፋፋ የሚል ቃል የለበትም፣ ደግ አደረጉ።

ፈጣኑ ለምን መረብ እንደሚገባ በቁጥር እንየው። ጠረጴዛው 2.74 ሜትር ይረዝማል፣ መረቡ 15.25 ሳንቲ ሜትር ነው። ከተጋጣሚ ጠርዝ ተነስቶ የመረቡን አናት ታክኮ ወደ አንተ የሚመጣ ቀጥ ያለ መስመር ብትስል፣ አንተ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ከጠረጴዛው 30.5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ታገኘዋለህ። ጥሩ ረጅም ፑሽ ይህን ያህል አይነሳም። ስለዚህ ኳሷ መጀመሪያ መውጣት፣ መረቡን ማለፍ፣ ከዚያ መውረድ አለባት። የሚያወርዷት ሁለት ናቸው፦ ስበትና ስፒን። በመረቡ አናት ላይ አግድም የምታልፍ ኳስ በሰከንድ 8 ሜትር ብትበር፣ የቀረውን 1.37 ሜትር በ0.17 ሰከንድ ትጨርሳለች፤ በዚህ ጊዜ ስበት ብቻውን 14 ሳንቲ ሜትር ያወርዳታል። ፍጥነቷን እጥፍ አድርገህ በሰከንድ 16 ሜትር ብትልካት ግን ስበት የሚያወርዳት 3.6 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው (አየር የሚይዛትን ትቼ ነው ያሰላሁት)። ቀሪውን ወደ 12 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ስፒኑ ካልጨረሰው ኳሷ ውጭ ናት። አንተም ይህን ሳታውቀው ታውቀዋለህ፤ እንዳትወጣብህ ብለህ ዝቅ አድርገህ ትመታለህ፣ መረብ ትገባለች።

ቀርፋፋው ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። ስህተትህን የሚሸፍንልህ ስበት ነው።

አሁን ወደ አካሉ። ለቀርፋፋው ቀኝ እግርህ ከግራው ትንሽ ወደ ኋላ ይሁን፣ ጉልበትህ ይታጠፍ፣ ቀኝ ትከሻህ ከግራው ዝቅ ይበል። ብዙ ሰው እጁን ብቻ ነው የሚያወርደው፤ ትከሻው ከላይ ከቀረ ምቱ ከክንድ ብቻ ይሆናል። ራኬቱ የሚነሳው ከቀኝ ጉልበትህ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ፑሹ በጣም ከባድ (ባክስፒኑ የበዛ) ከሆነ የራኬቱ ፊት ቀጥ ብሎ ሊቆም ጥቂት ይቅረው፣ ከቀለለ ትንሽ ይደፋ። ኳሷ ነጥራ አናቷ ላይ ደርሳ መውረድ እስክትጀምር ጠብቅ፤ ከጠረጴዛው ከፍታ ብዙ ሳትርቅ፣ ከቀኝ ጉልበትህ ፊት ለፊት ንካት። ኳሷን ከጎን አይተህ ሰዓት አድርጋት፦ 12 አናቷ፣ 3 ወደ አንተ የዞረው ጀርባዋ (የሰሌዳውን ቁጥር ነው የምለው፣ የአበሻ አቆጣጠር እንዳታስገባበት)። ቀርፋፋው 3 ላይ ነክቶ ወደ 2 ይጠርጋል። ፈጣኑ 2 ላይ ይነሳና ወደ 1 ይሄዳል።

ያንተ ኳስ መሃል ላይ የምትወድቀው፣ ጠርገህ ወደ ሰማይ ስለምትተዋት ነው። ከንክኪው በኋላ ያለው የምቱ መጨረሻ ወደ ፊት መሆን አለበት፤ ራኬቱ የሚቆመው ግንባርህ ፊት ነው እንጂ ከራስህ በላይ አይደለም። ከመረቡ በላይ ሌላ አንድ የመረብ ቁመት ያህል ብታልፍ በቂ ነው። ማረፊያዋ ደግሞ የመጨረሻው 30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይሁን።

ለፈጣኑ ሌላ ነው። ኳሷን በነጠረችበት ጫፍ ላይ ታገኛታለህ፣ ራኬቱ ከዳሌ ከፍታ ይነሳል፣ ፊቱ ይደፋል፣ ጉልበቱ የሚመጣው ከእግር መቃናት ይልቅ ከወገብ መዞር ነው። ድምፁም ይለያል። የተጠረገች ኳስ «ፍስስ» ብላ ትወጣለች፤ ወፍራሟ ከራበሩ ሥር ያለውን ስፖንጅ ጨፍልቃ እንጨቱን ስለምታሰማ «ጧ» ትላለች። ቪዲዮ ላይ አንድ ከመሰሉህ ድምፁን ከፍተህ ስማ።

---

ብሎክ በቃ

ካዛንቺስ የመቺውን ጨርሶታል፣ እኔ በመላሹ በኩል ልግባበት፤ ምርጫው ግማሹ የሚወሰነው ወዲያ ማዶ ባለው ሰው ነው።

ስፒን የበዛባት ኳስ ብሎከሩ (ራኬቱን አቁሞ ብቻ የሚመልሰው ሰው) ራኬት ላይ ስታርፍ ወደ ላይ ትወጣለች። ፊቱን ደፍቶ ካልጠበቃት ከጠረጴዛው ውጭ ናት። ፈጣኗ ግን ብዙ ጊዜ የራሷን ጉልበት ይዛ ነው የምትመለሰው፦ ራኬት አቁሞ ለጠበቀ ሰው ፈጣን ሉፕ ፈጣን ብሎክ ሆኖ ይመለሳል፣ መቺው ገና እጁን ሳይሰበስብ። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በሰከንድ 8 ሜትር ወደ 0.34 ሰከንድ ነው፣ በ16 ሜትር ደግሞ ግማሹ። ቀርፋፋ ሉፕ የሚገዛልህ ትልቁ ነገር ይህ ጊዜ ነው። ከጠረግክ በኋላ ቀኝ እግርህን መልሰህ ለአራተኛዋ ኳስ ትቆማለህ።

ሌላው ሰው የማያስበው ከነጠረች በኋላ ያለው ነው። የ40 ሚሊ ሜትር ኳስ ዙሪያዋ 12.6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በሰከንድ 100 ጊዜ ብትሽከረከር ቆዳዋ በሰከንድ 12.6 ሜትር ይሮጣል። ኳሷ ራሷ በሰከንድ 8 ሜትር እየሄደች ከሆነ ቆዳዋ ከእሷ ይፈጥናል፤ ጠረጴዛውን ስትነካ እንደ መኪና ጎማ ትቧጥጥና ወደ ፊት ትፈተለካለች፣ ዝቅም ትላለች። በሰከንድ 18 ሜትር የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ቆዳዋ ይዘገያል፣ ጠረጴዛው ይይዛታል፣ ትንሽ ፍጥነት ታጣለች። ለዚህ ነው ቀርፋፋዋ «ቀስ ብላ መጥታ ድንገት የምትሮጠው»። ብሎከር እጁን የሚያዘገየውም እዚያ ላይ ነው።

ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው ጠልቃ ካረፈች ነው። መሃል ላይ ያረፈች ቀርፋፋ ሉፕ ለብሎከር ስጦታ ናት። ለምን? ነጥራ ጠርዙን ሳታልፍ አናቷ ላይ ትደርሳለች፣ እሱም ከፍ ካለ ቦታ ወደ ታች ይመታታል፣ ስፒኗ ምንም ያህል ቢበዛ። ከጠርዙ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ያረፈችዋ ግን ገና እየተነሳች ሆዱ ላይ ትደርሳለች።

ቦታውንም ምረጥ። ለቀርፋፋ ሉፕ በጣም መጥፎው ቦታ ቀጥታ የተጋጣሚ ፎርሃንድ ነው፣ በተለይ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ካውንተር (የመልሶ ማጥቃት ምት) ለሚመታ ሰው። ጥሩው ቦታ ክርኑ ነው፤ ፎርሃንድ ልሁን ባክሃንድ ብሎ የሚያመነታበት፣ ከራኬት እጁ ዳሌ ትይዩ ያለው። ክርኑ ደግሞ ቋሚ ቦታ አይደለም፣ ሰውየው በተንቀሳቀሰ ቁጥር አብሮ ይሄዳል፤ ጠረጴዛውን ሳይሆን እሱን እያየህ ምታ።

---

ሜሪላንድ ሉፐር

ብዙም አልስማማም። የድሮ ምክር ነው። የሴሉሎይድ ኳስ ዘመን ሌላ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ኳሷ ከ38 ወደ 40 ሚሊ ሜትር አደገች፣ ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ፕላስቲኩ 40+ መጣ። እያንዳንዱ ለውጥ ከስፒኑ ቀንሷል። የቻይናዎቹ ሻምፒዮኖች ማ ሎንግም ሆነ ፋን ዠንዶንግ ረጅም ፑሽ ሲያገኙ ጠርገው አይለቋትም፣ በአንድ ምት ይጨርሷታል። ልጁ ፈጣኑን ከአሁኑ ይልመድ፤ በኋላ መለወጥ ይከብዳል።

---

ካዛንቺስ 40 ፕላስ

@ሜሪላንድ ስለ ኳሷ ያልከው ልክ ነው፣ ድምዳሜው ላይ ግን ዘለልክ። እነ ፋን ዠንዶንግ ፑሹን በፈጣን ሉፕ የሚጨርሱት እግራቸው ቀድሞ ስለሚደርስ ነው፦ ኳሷ አናቷ ላይ ስትሆን እነሱ ተዘጋጅተው ቆመዋል። እግራቸው ሲዘገይ እነሱም ይጠርጓታል፤ ፑሹ ከብዶ ጠልቆ የመጣበትን ጨዋታ ፈልገህ እይ። ጀርመናዊው ቲሞ ቦል ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ በስፒን ነው ሰው ያስቸገረው፣ በፕላስቲኩም ጊዜ ጭምር።

እና የስፒን መቀነስ ቀርፋፋውን ብቻ አይጎዳውም። ቅድም እንዳሰላነው ፈጣኗን ጠረጴዛው ላይ የሚያወርዳት ስፒኑ ነው። ስፒን ሲቀንስ መጀመሪያ የሚጠበው የፈጣኗ በር ነው።

---

ሶስተኛ ኳስ (ጠያቂ)

አመሰግናለሁ፣ የ30.5ቱ ሂሳብ ገባኝ። አሁንም የቀረኝ ምርጫው ነው። ፑሹ ከባድ ይሁን ቀላል ከመታሁት በኋላ ነው የሚታወቀኝ፣ መረብ ስትገባ ከባድ ነበረ፣ ስትወጣ ቀላል ነበረ። ቀድሞ ማወቂያው ምንድን ነው?

---

ዳኛ ወንበር

ሦስት ጊዜ ትናገራለች፣ ብትሰማት።

መጀመሪያ ከተጋጣሚ ራኬት ስትወጣ። የእጁን እንቅስቃሴ ትልቅነት አትይ፣ ያታልላል። ንክኪው ላይ ያለውን ፍጥነትና ከሥሯ መግባቱን እይ። ራኬቱ ከኳሷ ሥር ገብቶ «ቅጭ» ካደረጋት ከባድ ናት። ከኋላዋ ገፍቶ ድምፅ ካሰማ ቀላል ናት፣ እጁ ወደ ታች እስኪዘረጋ ቢሠራም። አንዳንዶች ሆን ብለው ከንክኪው በኋላ እጃቸውን በኃይል ያወርዳሉ፤ ያ ቲያትር ነው።

ቀጥሎ በአየር ላይ። ከባድ ባክስፒን ኳሷን ወደ ላይ ይይዛታል፤ ቀጥ ብላ እንደ መንሳፈፍ ትላለች። ቀላሏ ቶሎ ትወድቃለች። በኳሷ ላይ ያለው የፋብሪካ ማህተም የሚታይህ ከሆነ ደግሞ ስፒን የለም ማለት ነው።

በመጨረሻ ስትነጥር። ከባዷ ጠረጴዛውን ስትነካ ትያዛለች፣ ወደ አንተ መምጣቷን ትቀንሳለች፤ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚመታውና በራኬት ጫፍ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ቀላሏ ሳትያዝ ወደ ሆድህ ትመጣለች።

ከዚህ በኋላ ምርጫው አጭር ነው። ከባድ ወይም ዝቅ ያለች ወይም እግርህ የዘገየባት ከሆነች፦ ጠረጋ (ቀርፋፋው ሉፕ)። ቀለል ብላ ከመረቡ አናት በላይ ከነጠረችና ቆመህ ከጠበቅካት፦ ፈጣን። አንዱ ብቻ ከጎደለ ጠረጋው ያዋጣል። ሦስቱንም ተመኝተህ ከመታህ እንደ ቅድሙ መረብ ነው።

ሌላ፣ ማንም ያልነካው ነገር አለ። ምርጫው ሶስተኛዋ ኳስ ላይ አይጀምርም፣ ሰርቩ ላይ ነው የሚጀምረው። ከባድ ባክስፒን ሰርቭ አድርገህ ፈጣን ሉፕ መጠበቅ ለራስህ ጉድጓድ መቆፈር ነው፦ ያንኑ ስፒን ነው የሚመልሱልህ፣ የራሳቸውን ጨምረው። ያንኑ አጭር ሰርቭ በተመሳሳይ እንቅስቃሴ ያለ ስፒን ስጣቸው፤ ኳሷን በራኬቱ ጫፍ ሳይሆን ወደ እጀታው ቀረብ አድርገህ ንካት፣ ጫፉ ነው በፍጥነት የሚሮጠው። ባክስፒን መስሏቸው ፑሽ ሲያደርጓት ከፍ ብላና ቀልላ ትመጣለች። ያቺ የፈጣኑ ሉፕ ኳስ ናት። ማለትም በከባዱ ሰርቭ ጠረጋን፣ በባዶው ሰርቭ ፈጣኑን አስቀድመህ ትጠብቃለህ፤ በመሃል ላይ ሆነህ ከመገመት ይሻላል።

---

ብሎክ በቃ

የዳኛን የእጀታ ነገር ሉፕ ላይም አምጣት። ሁለት ሶስቴ በደንብ ጠርገህ ብሎከሩ ፊቱን መድፋት ከለመደ በኋላ፣ በዚያው ሙሉ እንቅስቃሴ ኳሷን ወደ እጀታው አስጠግተህ ያለ ብዙ ስፒን ላካት። ፊቱን ደፍቶ ስለጠበቃት የራሱ መረብ ውስጥ ይከታታል። የዚህች ኳስ ዋጋ ያለው ግን እውነተኛዋ ከባድ ከሆነች ብቻ ነው፤ ሁሌ ባዶ ከሆነች ማታለያ አትባልም።

---

ረጅም ፒፕስ

ተጋጣሚው እንደኔ ባለ ረጅም ፒፕስ (ረጃጅም ጥርስ ያለው ራበር) ቾፐር (ርቆ ቆሞ ኳሷን እየቆረጠ በባክስፒን የሚከላከል) ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ረጅም ፒፕስ ኳሷ የምትሽከረከርበትን አቅጣጫ አይለውጠውም፤ ስለዚህ የላክኸው ቶፕስፒን (ወደ ፊት መሽከርከር) ኳሷ ወደ አንተ ስትዞር ባክስፒን ሆኖ ይመለስልሃል። በጣም ጠርገህ ከላክህ በጣም ከባድ ሆና ነው የምትመጣህ፣ አራተኛ አምስተኛው ሉፕ ላይ እጅህ ይዝላል፣ ኳሷ መረብ ትገባለች። እዚያ ላይ አንዷን ጠርገህ፣ ተከታዩን በፑሽ ወይም በቀላል ሉፕ መልስ። ያለ ስፒን የሄደች ፑሽ ከረጅም ፒፕስ ተመልሳ ስትመጣ ከባክስፒን ነፃ ናት ማለት ይቻላል፤ ፈጣኑን ያን ጊዜ ምታ። ቾፐር ላይ በተከታታይ ፈጣን መምታት ደግሞ ርቆ ቆሞ የሚፈልገውን ኳስ መመገብ ነው። ደቡብ ኮሪያዊው ቾፐር ጁ ሴ-ህዩክ እ.ኤ.አ. በ2003 በፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ የደረሰው በዚህ አጨዋወት ነው።

---

ሶስተኛ ኳስ (ጠያቂ)

የሰርቩን ነገር ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። ሁለት ጥያቄ ልጨምር፦ የምጫወተው አዲስ አበባ ነው፣ ከፍታው ለውጥ ያመጣል ሲባል ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው? ሀሪኬኑስ ለጠረጋ ይሆናል ወይስ ልቀይረው?

---

ካዛንቺስ 40 ፕላስ

ከፍታው እውነት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ስፒን ኳስን የሚያጥፈው አየሩን ይዞ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ማጠፉ ይቀንሳል። ኳሷን የሚያዘገያትም አየር ነው፤ እሱም ይቀንሳል። ሁለቱ ተደምረው ያንኑ ምት አዲስ አበባ ላይ ያረዝሙታል። በተለይ ፈጣኗን፣ ምክንያቱም ጠረጴዛው ላይ እንድትወርድ በስፒን የምትተማመነው እሷ ናት። ቀርፋፋዋ በስበት ስለምትወርድ ያን ያህል አይሰማትም። እንግዲህ እዚህ ለሚጫወት ሰው ጠረጋ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለው። ወደ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ወርዶ የሚጫወት ሰው ደግሞ መጀመሪያ ቀን ኳሱ ሁሉ የሚያጥርበት ለዚሁ ነው፤ ከመረቡ በላይ ትንሽ ከፍ አድርጎ ማለም አለበት።

ራበሩን አትቀይር። ሀሪኬን 3 ላዩ የሚያጣብቅ ጠንካራ ራበር ነው፣ ለጠረጋ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ጉዳቱ ሰነፍ እጅን አይምርም፦ ቀስ ብለህ ከመታህ ስፖንጁ አይነቃም፣ ኳሷ ሞታ ትወጣለች። ስፖንጁ ላይ 41 የሚል ከሆነና ክንድህ ገና ካልፈጠነ፣ ሲያልቅብህ 39 ግዛ፤ በዚሁ መለኪያ ለስለስ ያለው እሱ ነው።

የበለጠ የሚያሳስበኝ አቧራ ነው። በበጋ በሲሚንቶ ወለል አዳራሽ ውስጥ የሚያጣብቅ ራበር ከሁለት ጌም በኋላ ዱቄት የነካው ይመስላል። ጠረጋ ላይ ኳሷ ሸርተት ብላ ያለ ስፒን መረብ ሥር ከወደቀች፣ ምትህን ከመውቀስህ በፊት ራበሩን እይ። ጥቂት ውሃ በነካ ለስላሳ ስፖንጅ ከእጀታው ወደ ጫፍ በአንድ አቅጣጫ ጥረገው፣ በራሱ ይድረቅ፣ ስትጨርስ ፕላስቲኩን ለጥፍበት። ሳሙና፣ አልኮል፣ የሱሪ ጉልበት፣ ሦስቱም አይሆኑም። ንጹህ መሆኑን ለማወቅ ራበሩን ኳሷ ላይ ተጫነውና አንሳት፤ ጥቂት ተንጠልጥላ ከወደቀች ደህና ነው።

---

ሜሪላንድ ሉፐር

እሺ፣ የከፍታውን አላሰብኩበትም። ልምምዱ ላይ ግን አስተያየት አለኝ፦ ሁለቱን ለየብቻ 100፣ 100 መምታት አይጠቅምም። ጨዋታ ላይ የሚያቅተው ምቱ አይደለም፣ መቀየሩ ነው። ጓደኛው በባልዲ ኳስ ይዞ ይመግበው፤ አንዷን ከባድ፣ አንዷን ቀላል፣ ቅደም ተከተሉን ሳይነግረው። ከ40 ኳስ ውስጥ ስንቱን ትክክል መረጠ የሚለው ይቆጠር እንጂ ስንቱ ገባ የሚለው አይቆጠር። ቀላሏን ጠርጎ ቢያስገባትም ስህተት ተብላ ትመዝገብ።

---

ዳኛ ወንበር

ጥሩ ነው፣ ግን ጠረጋው ገና ላልተስተካከለ ሰው ይህን መጀመር ይፈጥናል። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ከባዷን ብቻ። አንድ ኤ4 ወረቀት በተጋጣሚ ጠርዝ በኩል፣ ረጅሙን ጎን ከጠርዙ ጋር አስተካክለህ አኑር፤ የወረቀቱ ጥልቀት 21 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ለጠለቀ ሉፕ ልክ የሚሆን። ከ20 ኳስ 8ቱ ወረቀቱ ላይ ወይም ከእሱ ጋር በተመሳሳይ ጥልቀት ካረፉ ወደ ሜሪላንድ ልምምድ እለፍ። መረብ የገቡትንና ያጠሩትን ለይተህ መዝግብ፤ መረብ ከበዛ ኳሷ ገና ሳትወርድ እየመታሃት ነው ወይም ፊቱ በዝቶ ተደፍቷል፣ ማጠር ከበዛ የምቱ መጨረሻ ወደ ላይ እየሄደ ነው።

---

ሶስተኛ ኳስ (ጠያቂ)

በባልዲ የሚመግበኝ ሰው በሳምንት አንዴ ነው የማገኘው። ብቻዬን የሚሠራ አለ?

---

ብሎክ በቃ

አለ። ብስክሌት ካለህ ገልብጠህ በኮርቻና በመሪው አቁማት፣ የፊት ጎማዋ በነፃ እንድትዞር። ጎማዋን በጨርቅ ጥረግ፣ ጭቃ ራበሩን ይበላዋል፤ ለዚህ የሚሆን አሮጌ ራኬት ከተገኘ ደግሞ ይሻላል። ራኬቱን ከጉልበትህ ከፍታ አንስተህ የጎማዋን ጀርባ ከታች ወደ ላይ ጥረግ፣ ልክ ኳሷ ላይ እንደምታደርገው። ወፈር አድርገህ ከነካሃት ራኬቱ ይነጥራል፣ ብስክሌቷም ትንገጫገጫለች። በትክክል ከጠረግካት ብስክሌቷ ቆማ ጎማዋ ብቻ ትሮጣለች። በአንድ ጠረጋ ስንት ዙር እንደምትዞር ከቫልቩ ቁጠር። ቁጥሩ እንዲጨምር የሚያደርገው ክንድህን ማጠንከር አይደለም፤ እስከ ንክኪው ላላ ብሎ መጥቶ እዚያ ላይ የሚፈጥን ክንድ ነው።

ከጎማው ወደ ጠረጴዛው ስትሄድ ደግሞ ኳሷን ራስህ በግራ እጅህ ጠርዙ ላይ ጣላት፣ ነጥራ ከጠረጴዛው ከፍታ ልትወርድ ስትል ጥረጋት። ባክስፒን ስለሌላት ፊቱን ከተለመደው ትንሽ ደፋ አድርገው፣ አለዚያ ትወጣብሃለች። የምትመለከተው ማረፊያዋን ሳይሆን ከነጠረች በኋላ ያለውን ነው፦ ዝቅ ብላ ወደ ፊት ከተፈተለከች ስፒኑ አለ፣ እንደ ተራ ኳስ ከፍ ብላ ከነጠረች ገና ነህ።